ጉልበታችሁን በመርፌ ዝም አታሰኙት

ይህን የምጽፈው በውዝዋዜ እንጀራ በልታችሁ፣ በውዝዋዜ ላረጃችሁና ገና ከመድረክ ላልወረዳችሁ የሙያ አጋሮቼ ነው። በአገር ፍቅር ያገለገላችሁ፣ ከብሔራዊ ቴአትር በጡረታ የተሰናበታችሁ፣ በ«ሕዝብ ለሕዝብ» ጉዞ ዓለምን የዞራችሁ፣ ዛሬም ማታ ማታ በየባህል ምግብ ቤቱ የምትሠሩ፣ ወይም በዋሽንግተንና በፍራንክፈርት በየሰርጉ እየተጠራችሁ የስደተኛ ልጆችን የምታሠለጥኑ ሁሉ ስሙኝ። የምናገረው ስለ ጉልበት ነው፤ ጉዳዩም ዛሬ ነገ የሚባል አይደለም።

በመካከላችን የተለመደውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ማታ ሥራ አለ፤ ጉልበት አብጧል። ከሰዓት በኋላ መድኃኒት ቤት ጎራ ተብሎ ዳይክሎፌናክ ይወጋሉ፣ ወይም ሁለት ፍሬ ይውጣሉ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሕመሙ የለም። ከጎጃም ወደ ጎንደር፣ ከጎንደር ወደ ጉራጌ እየተባለ ልብስ እየተቀያየረ እስከ እኩለ ሌሊት ይጨፈራል። ጠዋት ከአልጋ ሲነሱ ጉልበቱ አልታጠፍ ይላል፤ ለእሱም ሌላ መርፌ ይፈለጋል። ተዉ የምላችሁ ይህንን ነው። ለታመመ ሰው ማስታገሻ መውሰድ ነውር የለበትም። ጥፋቱ አስታግሶ በዚያው ጉልበት መዝለሉ ነው።

ምክንያቱን ላስረዳ። በአጥንቶቹ ጫፍ ላይ ያለው ካርቲሌጅ የሚባለው ለስላሳ ሽፋን ነርቭ የለውም፤ የደም ሥርም የለውም። ሲላጥ ድምፅ አያሰማም። የሚያመን በዙሪያው ያለው ነው፦ ከሥሩ ያለው አጥንት፣ የመገጣጠሚያው ከረጢት፣ ጅማቱ። እንግዲህ ሕመሙ እኛ ዘንድ ሲደርስ ጉዳቱ ቀድሞ ሰንብቷል ማለት ነው። ዘግይቶ የደረሰውን አንዱን መልእክተኛ ደግሞ አፉን ይዘን ብንመልሰው፣ ጉልበቱ ምን ላይ እንዳለ የሚነግረን ማንም አይኖርም።

በጉልበቱ ውስጥ የሚወጋው የስቴሮይድ መርፌም እንዲሁ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ቦስተን የሚገኘው የተፍትስ ሕክምና ማዕከል ተመራማሪዎች የጥናት ውጤት አውጥተው ነበር። የጉልበት መገጣጠሚያቸው የተጎዳ 140 ሰዎች በየሦስት ወሩ ለ2 ዓመት ተወጉ፤ ግማሾቹ ስቴሮይድ፣ ግማሾቹ ተራ የጨው ውኃ። በሕመሙ ረገድ በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም። ስቴሮይድ የተወጉት ግን ከሌሎቹ የበለጠ ካርቲሌጅ ተሸርሽሮባቸው ተገኘ። ሐኪም አይቶ፣ ለከባድ እብጠት አንድ ጊዜ ቢሰጥ አልቃወምም። «የፋሲካ ፕሮግራም አለብኝ፣ ደግሞ የእንቁጣጣሽ አለብኝ» እያሉ ማስደጋገሙን ነው የምቃወመው።

በእኛ ዕድሜ ጣጣው ከጉልበት ያልፋል። ብዙዎቻችን የግፊት መድኃኒት እንወስዳለን። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግፊት ከፍ ያደርጋሉ፣ ጨጓራ ያደማሉ፤ ከግፊት ኪኒንና ከሚያሸና መድኃኒት ጋር ሲደራረቡ ኩላሊትን ድንገት ሊጥሉት ይችላሉ። ስቴሮይድ የሆኑት ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን ስኳር ያወጣሉ፣ አጥንት ያሳሳሉ። «የዕፅዋት ነው፣ ጉዳት የለውም» የሚባለውንም አትመኑ። አሜሪካ ያላችሁ በተለይ ልብ በሉ፦ «አርትሪ ኪንግ» እየተባለ ለመገጣጠሚያ ሲሸጥ የነበረው እንክብል በማሸጊያው ላይ ያልተጻፈ ዳይክሎፌናክና ዴክሳሜታዞን እንደተገኘበት የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2022 እ.ኤ.አ. አስጠንቅቋል። ሰዎች ስቴሮይድ እንደሚውጡ ሳያውቁ ኖረዋል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ደግሞ ሐኪም ሳያማክር በአንድ ጊዜ አያቋርጠው፤ ድንገት ማቋረጡም አደጋ አለው።

በሌላ በኩል «በቃኝ» ብለው ቤት የተቀመጡም አሉ። ይህም መዳን አይደለም። ካርቲሌጅ የደም ሥር ስለሌለው ምግቡን የሚያገኘው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው፤ ስንረግጥ እንደ ስፖንጅ ይጨመቃል፣ ስናነሣ መልሶ ይጠጣል። የማይንቀሳቀስ ጉልበት ይራባል። ከዚያም የከፋው የጭን ሥጋ መሟሸሹ ነው። ጉልበትን የሚሸከመው ከፊት ያለው የጭን ጡንቻ ነው፤ እሱ ሲከዳ ሸክሙ ይበልጥ መገጣጠሚያው ላይ ይወርዳል።

ይህን በራሳችሁ ለማየት የልብስ ሰፊ ሜትር አምጡ። ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ እግራችሁን ዘርጉ፤ ከጉልበት ሎሚ በላይ 15 ሴንቲሜትር ለክታችሁ ምልክት አድርጉ፤ እዚያ ላይ የሁለቱንም ጭን ዙሪያ ለኩ። የታመመው ቀጥኖ ታገኙት ይሆናል። ያን እግር ቀጥ አድርጉ፤ የእግር ጣቶቻችሁን ወደ ራሳችሁ ሳቡ፤ መዳፋችሁን ከሎሚው ከፍ ብሎ በውስጥ በኩል አሳርፉ። ሥጋው ከእጃችሁ ሥር ድንጋይ እስኪሆን ጠብቁ፤ እስከ ዐሥር ቁጠሩ፤ ቀስ ብላችሁ አውርዱ። መዳፋችሁ ሥር ምንም ካልጠነከረ ጡንቻው ሥራውን ረስቷልና ትምህርቱ ከዚያ ይጀምራል። ስትበረቱ በእጅ ሳትደገፉ ከወንበር ተነሡ፤ ስትቀመጡም እንደ ተጣለ ዕቃ ሳይሆን በዝግታ። የአንድ ቀን ሥራ አይደለም፤ ለውጡን የምታዩት ከሳምንታት በኋላ ነው። ክብደት የጨመራችሁም ቀንሱ፤ ከሰውነት 1 ኪሎ ሲወርድ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና በ4 ኪሎ ገደማ ይቀልላል።

ጭፈራውን ደግሞ መርምሩ። በጎንደር እስክስታ በርከክ ብሎ መውረዱ፣ በጉራጌ ጉልበትን አጥፎ በዚያ ፍጥነት መዝለሉ፣ ለወጣት ናቸው። ትከሻ፣ አንገት፣ ደረት አልተቀማንም፤ በእኔ ግምት የእስክስታ ብስለቱም ያለው እዚያ ነው። የበሰለ ተወዛዋዥ አንድ ቦታ ቆሞ በትከሻው ብቻ ታዳሚውን ሲያስነሣ አይተናል። መውረዱን ለልጆች ተዉት።

ወለሉም ሌላ ጠላት ነው። የቴአትር ቤት መድረክ ጣውላ ነበር፤ ስትዘሉ ይቀበላችሁ ነበር። ዛሬ የምትሠሩበት ብዙው ቦታ በሲሚንቶ ላይ የተለጠፈ ሴራሚክ ነው። ባለቤቶቹን ደፍራችሁ የጣውላ ወለል ጠይቁ፤ ለአንድ ቡድን የሚሆን ዝቅተኛ መድረክ ይበቃል። ይህን የምለው ለእኛ ብቻ አይደለም። የዐሥር ዓመት ሕፃናትን በባዶ ሲሚንቶ ላይ በጉልበታቸው ስናስወርድ አይቻለሁ፤ ይህ በደል ነው። ከሥራ በፊት ሰውነት ሳያሟሙቁ ማስጀመርም እንዲሁ።

አንዳንድ ነገር ግን ልምምድም፣ ወጌሻም፣ ትዕግሥትም አይበቃውም። ጉልበት በአንድ ሌሊት ካበጠ፣ ከጋለ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለበት፣ መገጣጠሚያው ውስጥ መግል ገብቶ ሊሆን ይችላልና በዚያኑ ቀን ሆስፒታል ሂዱ፤ «ሪህ ነው፣ ብርድ ነው» ብሎ ማደር እግር ያሳጣል፣ ነፍስም ያሳጣል። ጉልበት ተቆልፎ አልዘረጋ ካለ በውስጡ ያለው ሜኒስከስ የሚባለው ትራስ ተቀዶ ሊሆን ስለሚችል ማንም እንዳይጎትተው። ባት አብጦ ካመመ የረጋ ደም ሊኖር ይችላልና አታሻሹት፤ ወዲያው ታዩ። ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡም ተወዛዋዥ መሆናችሁን ንገሩት፤ በሳምንት ስንት ማታ እንደምትጨፍሩ፣ ወለሉ ምን እንደሆነ፣ እስካሁን የተወጋችሁትንና የዋጣችሁትን ሁሉ፣ ጎረቤት የሰጣችሁንም ሳይቀር፣ ባዶ ማሸጊያውን ይዛችሁ ሄዳችሁ አሳዩት።