ቴሌቪዥናችን ከኳስ ሌላም ሥራ አለው



በማኅበራችን አዳራሽ ያለው ቴሌቪዥን በሁላችንም መዋጮ የተገዛ የጋራ ንብረት ነው። ሆኖም ቅዳሜና እሁድ ኳስ ሲኖር ይከፈታል እንጂ በሌላው ቀን ጨርቅ ለብሶ ይቀመጣል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆቻችን ደግሞ አሥር ሆነው አንዲት ትንሽ ላፕቶፕ ከበው ያጠናሉ። ከኋላ የቆመው የሚያየው የጓደኛውን ማጅራት ነው።

ልጆቹ ኮምፒዩተሩ ከቴሌቪዥኑ ጋር ይገናኝልን ብለው ስለጠየቁን ገመድ ሰካን፤ «ሲግናል የለም» አለ። ያማከርነው ባለሙያም «ይሄ አሮጌ ነው፣ አዲስ ግዙ» አለን። እኛም አምነን፣ ከባሕር ዳር አዲስ ለማምጣት መዋጮ የሚጠይቅ ወረቀት አዘጋጅተን ነበር። ኋላ አንዲት ተማሪ ሪሞቱን ተቀብላ «ሶርስ» የሚለውን ተጫነች፤ ገመዱ የገባበትን ቀዳዳ ቁጥር መረጠች፤ ምስሉ ከች አለ። ለካ ቴሌቪዥኑ የሚጠብቀው ዲሹን ኖሯል! በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ማለት ይህ ነው። ሳናጣራ ኪሳችሁን ልንነካ መነሳታችን የእኛ የኮሚቴው ጥፋት ነው።

አሠራሩን ሁሉም ይወቀው። ኤችዲኤምአይ የሚባለው ገመድ ምስልና ድምፅ አንድ ላይ ያሳልፋል። አንዱን ጫፍ ኮምፒዩተሩ ላይ፣ ሌላውን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክቶ በሪሞቱ ያንኑ ቀዳዳ መምረጥ ነው። ምስሉ እምቢ ካለ፣ ኮምፒዩተሩ ላይ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና «ፒ»ን አብሮ ተጭኖ «ዱፕሊኬት» የሚለውን መምረጥ ነው። ባለ 15 እግሩ የቆየው ቪጂኤ ግን ድምፅ አያሳልፍም፤ ለድምፁ ሌላ ገመድ ያስፈልጋል። በግድ መግፋት ቀዳዳውን ይሰብራል። መብራት ሲሄድም ቴሌቪዥኑ ከሶኬት ይነቀል፤ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ያቃጥላልና።

«ትምህርት በቴሌቪዥን ድሮም ነበር፣ ምን ጠቀመ?» የሚሉ አሉ። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው «ፕላዝማ» በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ያስተምር ነበር። ልጁ ገባውም አልገባውም ፕላዝማው አይጠብቅም። ኮምፒዩተር ላይ የተጫነ ትምህርት ግን ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ መምህርም መሐል ገብቶ በአማርኛ ያስረዳል። ልዩነቱ ይህ ነው።

ጉዳዩ የዋዛ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. በአገር ደረጃ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ። በዚያው በ2016 ፈተናው በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። በክልላችን ትምህርት ስንት ጊዜ እንደተቋረጠም ለዱርቤቴ ሰው አንነግረውም።

ስለሆነም ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ቴሌቪዥኑ ለተማሪዎች እንዲሆን ሐሳብ አቅርበናል። የቅዳሜና የእሁድ ኳስ አይነካም፤ ኳስ ወዳጆች አትቀየሙን። የመዋጮው ወረቀት ተቀዷል። ረዘም ያለ ገመድ ያለው ያውሰን፤ ጊዜ ያለው መምህርም ብቅ ይበል። በሚቀጥለው ስብሰባ ተገኝታችሁ እንድትወስኑ በአክብሮት እናሳስባለን።