ሞተሩ ሳይሞቅ አሳዩን



ባለፈው ወር የአባቴን ፒክአፕ ሸጥኩ። ባለ አንድ ጋቢና ነጭ ቶዮታ ሃይሉክስ ነበረች፤ ሞተሯ የቤንዚን ነው። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና ማሾ እየጫነች ወደ ደብረ ብርሃን ስትመላለስ እኔንና ሦስት እህቶቼን ያስተማረችን እሷ ናት። በምትኳ ያገለገለ የናፍጣ ፒክአፕ ገዝቻለሁ። ይህን የምጽፍላችሁ በመግዛቱና በመሸጡ መሐል ያየሁት ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው። ከእናንተም ብዙዎቻችሁ አንድ ቀን ወይ ገዢ ወይ ሻጭ ሆናችሁ እኔ የቆምኩበት ቦታ ትቆማላችሁ።

መጀመሪያ ለምን ናፍጣ እንደፈለግሁ ልንገራችሁ። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት። ከዚያ ተነስታችሁ በደብረ ሲና በኩል ጠመዝማዛውን ዳገት ስትወጡ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው የጣርማ በር ዋሻ ጋ ስትደርሱ ከፍታው ከ3,000 ሜትር ያልፋል። እዚያ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። የቤንዚን ሞተሩ ካርቡራቶር ደግሞ አየሩ በሳሳው ልክ ቤንዚኑን አይቀንስም። ነዳጁ ይበዛል፣ አየሩ ያንሳል፣ ሞተሩ ያስላል፣ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል። አባቴ ደብረ ሲና ላይ ቆሞ ኮፈኑን ከፍቶ ካርቡራቶሩን በካቻቢቴ ሲነካካ፣ እኔ ከጎማው ሥር ድንጋይ ስደግፍ ነው ያደግሁት።

የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። አየሩን ብቻ ስቦ ያምቀዋል፤ የቤንዚኑ ሞተር 9 ወይም 10 እጥፍ ሲያምቅ የናፍጣው አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እጥፍ በላይ ያምቃል። በዚያ እመቃ በጋለው አየር ላይ ናፍጣው ሲረጭ ራሱ ይቀጣጠላል። ቱርቦ ካለው ደግሞ በሚወጣው ጭስ ጉልበት አየር እየገፋ ስለሚያስገባለት ከፍታው የነሳውን ብዙውን ይመልስለታል። ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ሳይጮህ፣ በዝግታ ይስባል። ያንን መንገድ በሳምንት አራት ጊዜ ለሚመላለስ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ነገር ግን የናፍጣ ሞተር ሕይወቱ ያው እመቃው ነው። ፒስተኑና ፋሻው ካለቁ አየሩ ያመልጣል፤ ያመለጠ አየር አይግልም፤ ካልጋለ ናፍጣው አይቀጣጠልም። ደክሞ ያለቀ ሞተር ጠዋት ከቀዘቀዘበት ሲነሳ ራሱን ያጋልጣል፤ አንዴ ከሞቀ ግን ጤነኛ ይመስላል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል፣ ቀለሙ ሊታደስ ይችላል። ቀዝቃዛ ሞተር ግን የሰው እጅ ካልገባበት አይዋሽም።

አዲስ አበባ ድረስ የሄድኩት አንድ ሽማግሌ መካኒክ ይዤ ነው። አንድ ደላላ ካሳየን የመጀመሪያው ፒክአፕ ጋ ስንደርስ ሞተሩ ታጥቦ እንደ ብርጭቆ ያበራል። ሻጩ እጁን ሲዘረጋ መካኒኩ ሰላምታውን ሳይቀበል መጀመሪያ መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ። ይፋጃል። ሻጩ «አሁን ልጄን ትምህርት ቤት አድርሼበት ነው» አለ። ቀኑ እሑድ ነበር። «ልጄ፣ እንሂድ» አለኝ መካኒኩ።

ሁለተኛው መኪና የቤንዚን ሞተሩ ወርዶ የናፍጣ ሞተር ተገጥሞለታል። ይህ ብቻውን ነውር አይደለም። ሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተር ቁጥርና ሞተሩ ላይ የተመታው ግን አይገናኙም። እንዲህ ያለውን ስታገኙ ዋጋው ቢያጓጓችሁም ተዉት፤ ስም ለማዞር ስትሄዱ ጣጣው የእናንተ ይሆናል። ዕዳና እገዳ የሌለበት መሆኑንም ቀብድ ሳትከፍሉ አረጋግጡ።

ሦስተኛውን ያገኘሁት እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ከአንዲት እህል ነጋዴ ነው። በስልክ ያሉኝ አንድ ነገር ነበር፤ «ከንጋቱ 12 ሰዓት ይምጡ፣ ሳላስነሳት እጠብቅዎታለሁ።» ታኅሣሥ ነው። የደብረ ብርሃንን የታኅሣሥ ውርጭ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሣሩ ነጭ ነው፣ የመኪናው መስታወት በረዶ ለብሷል። ቁልፉን አዞሩ፣ ትንሽ ታገሡ፣ አስነሱ። ነጭ ጭስ ቡልቅ አለና ወዲያው ጠራ። ሰማያዊ ቢሆን ዘይት ያቃጥላል ማለት ነበር። መካኒኩ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍቶ እጁን አስጠጋ፤ ጭስ እየገፋ አልወጣም። ከዚያ ሴትየዋ ሳንጠይቃቸው «ሁለተኛ ማርሽ ጠዋት ጠዋት ይቸግራል፣ የኋላው ባሊስትራ አንድ ጊዜ ተሰብሮ ተቀይሯል» አሉና ከዳሽቦርዱ ደብተር አወጡ። ዘይት የተቀየረበት፣ ፊልትሮ የተለወጠበት፣ ፍሬን የተሠራበት ቀን በሙሉ በእጃቸው ተጽፏል። የጠየቁትን ዋጋ ከፈልኩ። ብከራከር አፍር ነበር።

ስለ ነዳጁም አንድ ነገር ልንገራችሁ። አሁን ያሉት የናፍጣ ሞተሮች ናፍጣውን ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት፣ ከፀጉር ብዙ በማይወፍር ቀዳዳ ነው የሚረጩት። ውኃና ቆሻሻ አይችሉም። እኔ የማደያው ሰልፍ ሲያማርረኝ ከመንገድ ዳር በጀሪካን ገዛሁና በሦስተኛው ቀን ቆምኩ። ፊልትሮው ሥር ግማሽ ብርጭቆ ውኃ ነበር። ኢንጀክተሮቹ የተረፉት ቶሎ ስላጠፋሁት ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ከውጭ ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው። በ2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ እዚህ ያሉት አሮጌ መኪናዎች ከእጅ ወደ እጅ እየዞሩ ይቆያሉ፤ እኔ የደበቅሁትን ጉድለት የሚወርሰው የአገሬ ሰው ነው። ጣርማ በርን ቁልቁል ሲወርድ ፍሬን እንቢ የሚለው እሱን ነው፤ ከኋላው ሰው ጭኖ ይሆናል። ደላላው እዚያ ጋቢና ውስጥ የለም።

የአባቴን መኪና ልሸጥ ስነሳ ይህ ሁሉ በራሴ ላይ መጣ። ባለፈው ክረምት ውኃ ጨርሳ ግላ ነበር፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሁለቴ ተቀይሯል። ደላላው «እሱን አትናገር፣ ካልጠየቀህ ምን ቸገረህ» አለኝ። ገንዘቡ ያስፈልገኝ ነበር፤ ለአዲሱ ፒክአፕ የተበደርኩት ብር ገና አልተከፈለም። አንድ ሌሊት ሙሉ ተገላበጥኩ።

ሊገዛ የመጣው ከመንዝ ድንች የሚያወርድ ወጣት ነው። እህል ነጋዴዋ ለእኔ የነገሩኝን ያህል ነገርኩት፤ ግላ እንደነበር፣ ጓርኒሲዮኑን፣ ዳገት ላይ እንደምትደክም፣ ግራውን የፊት ፍሬን ሳያሠራ ጭነት እንዳይጭንባት። ዋጋውን በደንብ ቀነሰብኝ። ደላላው እስከ ዛሬ አላናገረኝም። ወጣቱም አላመነኝም መሰለኝ፣ «ጋሼ፣ ነገ ጠዋት ደግሜ ልያት» አለ። አደራ እንዳትነኳት ብዬ ቤተሰቡን አስጠንቅቄ አደርኩ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ በሩን አንኳኳ። ጋቢውን እንደተከናነበ ቀጥ ብሎ ወደ እሷ ሄደና መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ። ውርጩ ከእጁ ሥር ቀለጠ። በሦስተኛው ሙከራ ተነሳች።


ከደብረ ብርሃን