መጀመሪያ ጥርሱን ቁጠር

«ብስክሌት ልገዛ ነው» አለኝ ወዳጄ፣ ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ።

«እሰየው! የትኛውን?»

«እሱን ገና አልወሰንኩም። ሰዓቱን ግን መርጫለሁ። ፍጥነት ይለካል፣ የልብ ምት ይቆጥራል፣ የሄድክበትን መንገድ በካርታ ያሳይሃል።»

«ወንድምዓለም፣ ከሰዓቱ ጀመርክ?»

«ምን አለበት? መለኪያ ከሌለኝ ምን ያህል እንደሄድኩ በምን አውቃለሁ?»

«መለኪያው አይከፋም፤ እመጣበታለሁ። ግን የምትነዳው የት ነው?»

«ደብረ ታቦር ነዋ! ሌላ የት እነዳለሁ?»

«እንግዲያው ከዳገቱ እንጀምር። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ወረታ 1,800 ገደማ። በመካከላቸው ያለው መንገድ ከ40 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። አንድ ቀን ወረታ ወርደህ ስትመለስ 900 ሜትር ያህል ሽቅብ ትወጣለህ ማለት ነው። ያን ዳገት የሚያስወጣህ ማርሽ ነው፤ ሰዓት አያስወጣህም።»

«ባሕር ዳር ሰው ሁሉ በብስክሌት ሲሄድ ማን ስለ ማርሽ ያወራል?»

«ባሕር ዳር ጣና ዳር ሜዳ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። አንድ ማርሽ ብቻ ያለው ብስክሌት ለሰዉ ይበቃዋል። እኛ ያንኑ ብስክሌት እዚህ እናመጣና ዳገቱ ሲጀምር ወርደን እንገፋዋለን። ከዚያ ‹ደብረ ታቦር ለብስክሌት አትሆንም› ብለን እንፈርዳለን። ከተማዋ ምን አደረገች? ለሜዳ የተሠራውን ዳገት ላይ ያመጣነው እኛ ነን።»

ወዳጄ ዝም ሲል ወረቀት አወጣሁና ሒሳቡን አብረን ሠራነው። እናንተም ብስክሌት ለመግዛት ካሰባችሁ ተከተሉን።

የብስክሌት ማርሽ ምስጢሩ ሁለት ቁጥር ነው፤ ፔዳሉ ጋ ያለው የፊት ጥርስና ጎማው ጋ ያለው የኋላ ጥርስ። የፊቱን ለኋላው ስታካፍለው ፔዳሉን አንድ ጊዜ ስታዞር ጎማው ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይነግርሃል። ከፊት 44፣ ከኋላ 18 ጥርስ ያለውን ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት እንውሰድ። ጎማው ሁለት ጊዜ ተኩል ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ይዞራል። የትልቁ ጎማ ዙሪያ 2.2 ሜትር ያህል ስለሆነ በአንድ የፔዳል ዙር 5.4 ሜትር ትሄዳለህ። ሜዳ ላይ ይህ ግሩም ነው።

«ዳገት ላይስ?» አለ።

«በ100 ሜትር 6 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት ላይ ነህ እንበል። አንተና ብስክሌቱ አንድ ላይ 80 ኪሎ ትመዝናላችሁ፤ የምትሄደው በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ነው። ለዚህ 120 ዋት ያህል ጉልበት ያስፈልግሃል። በባለ አንድ ማርሹ ፔዳሉ በደቂቃ 25 ጊዜ ብቻ ይዞራል። ስለዚህ እግርህ በአማካይ 28 ኪሎ በሚያህል ግፊት መርገጥ አለበት። በአማካይ ነው ያልኩህ፤ ፔዳሉ ወደ ፊት ሲመጣ ግፊቱ እጥፍ ይደርሳል። ጉልበትህ መገጣጠሚያው ላይ የሚያምህ ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ከፊት 28፣ ከኋላ 34 ጥርስ ያለውን እንይ። በአንድ ዙር የምትሄደው 1.8 ሜትር ብቻ ነው። በዚያው ፍጥነት ፔዳሉ በደቂቃ 74 ጊዜ ይዞራል፤ የእግርህ ግፊት ግን ወደ 9 ኪሎ ይወርዳል። ዳገቱ ያው፣ ጉልበቱ ያው 120 ዋት። እግርህ ግን ከ28 ኪሎ ወደ 9 ኪሎ ዐረፈ።»

ወዳጄ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበና ቁጥሩን ደግሞ አየው።

«ሱቅ ያየሁት ባለ 21 ማርሽ ነው። እሱ በቃ ማለት ነዋ?»

«21 የሚለው ከፊት ያሉት ሦስቱ ከኋላ ባሉት ሰባት ተባዝተው ነው። ብዙዎቹ ማርሾች እርስ በርሳቸው ተመሳሳይ ናቸው። ለኛ አገር ቁም ነገሩ አንዱ ነው፤ የመጨረሻው ቀላሉ። ስለዚህ ከፊት ትንሹን፣ ከኋላ ትልቁን ጥርስ በጣትህ ቁጠር። የኋላው ከፊቱ እኩል ወይም የበለጠ ከሆነ ደብረ ታቦር ላይ ያስኬድሃል። ብዙዎቹ ርካሽ ብስክሌቶች ከኋላ 28 ይዘው ይመጣሉ። 34 ያለው ከተገኘ ግን ልዩነቱን ጠመዝማዛው ላይ ታየዋለህ።»

«እንደዚያ እግር እያሽከረከሩ ቀስ ብሎ መውጣት የደካማ ሰው አይመስልም?»

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር፤ ብዙ ጎበዝ ወጣት በዚህ ምክንያት ብስክሌት ትቷልና። ክርክሩ አሮጌ ነው። ቱር ዴ ፍራንስ የተባለው የብስክሌት ውድድር እ.ኤ.አ. በ1903 ሲጀመር መሥራቹ ኦንሪ ዴግራንዥ ማርሽ መቀያየርን የወንድነት ጉድለት አድርጎ ያየው ነበር። እ.ኤ.አ. እስከ 1937 ድረስ ማርሽ መቀየሪያ በውድድሩ አልተፈቀደም። ተወዳዳሪዎቹ ተራራው ግርጌ ሲደርሱ ወርደው፣ የኋላ ጎማቸውን ፈትተው፣ ገልብጠው በሌላኛው ጎን ባለው ጥርስ ይወጡ ነበር። ዛሬ እነዚያኑ ተራሮች የሚያሸንፉት ሰዎች ከኋላ 34 ጥርስ ይይዛሉ። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ዴ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ተራራውን የወጣው ማርሽ እየቀያየረ ነው። ደካማ የሚለው ማን ነው?

«ከዚህ ከኛም ምስክር አለ» አልኩት። «አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 7 ቶን ገደማ ይመዝን ነበር። በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከዚሁ ከደብረ ታቦር ተነሥተው መቅደላ ያደረሱት መጋቢት ላይ ነው። ያን ሁሉ ወር ሠራዊቱ መንገድ ሲጠርግ፣ ገደል ሲደለድል፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሲያስኬደው ነበር። ከባድ ነገር ሽቅብ የሚወጣው ተከፋፍሎ ነው። ትንሹ ማርሽም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ዳገቱን እግርህ በሚችለው ልክ ይቆራርስልሃል።»

«ይሁን፣ ገባኝ። የኛ አየርስ? ቀጭን ነው ይባላል።»

«ነው። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አራተኛ ገደማ ያነሰ ነው። ቤልጅጋዊው ኤዲ ሜርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 በአንድ ሰዓት ውስጥ 49.431 ኪሎ ሜትር ነድቶ ክብረ ወሰን ሊሰብር ሜክሲኮ ሲቲ ድረስ የሄደው ቀጭን አየር ብዙ ስለማይገታ ነው። ደብረ ታቦር ደግሞ ከሜክሲኮ ሲቲ ከ400 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ይህ ጥቅም ግን ለፈጣን ነው። ዳገት ላይ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ስትሄድ አየሩ ድሮም አይገታህም፤ ከሳንባህ ብቻ ይቀንሳል። ስትወርድ ደግሞ ቀጭኑ አየር ስለማይዝህ ከቆላ ሰው ይልቅ ትፈጥናለህ። ስለዚህ ለመውጣት ማርሽ፣ ለመውረድ ፍሬን።»

ፍሬኑ ላይ ቆም ማለት አለብን፤ ነፍስ ያለው እዚያ ነውና። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ቁልቁል ስትወርድ በዓለም ሳጋ ደን በኩል መንገዱ ይጠመዘዛል። ከፊትህ አይሱዙ ይመጣል፣ አህያ ይሻገራል፣ በክረምት ደግሞ ጉም ይጋርድሃል። በዚህ መንገድ የሚያብረቀርቅ የብረት ቸርኬ ያለው ብስክሌት አልመክርም። ቸርኬው በዝናብ ሲርስ የፍሬኑ ላስቲክ ይንሸራተትና የምትቆመው ካሰብክበት አልፈህ ነው። የአሉሚኒየም ቸርኬ ይሻላል፤ ዲስክ ፍሬን ከተገኘ ደግሞ ይበልጣል። ዲስኩ በሽቦ የሚሠራው ይሁን፤ ሽቦው ሲበጠስ በቀላሉ ይተካል። ዘይት ያለበት ግን ሲያፈስ በቀላሉ አይጠገንም።

«የፊት ፍሬን ይገለብጣል ይላሉ» አለ ወዳጄ።

«ሳይታሰብ ጨምድደህ ከያዝከው፣ አዎ። ነገር ግን ስትቆም ክብደትህ ወደ ፊት ስለሚሄድ አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ፣ ቀስ እያልክ ጨምር፤ ሰውነትህን ወደ ኋላ መልስ። ረጅም ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሬኑን ይዘህ አትንጠልጠል። ያዝ፣ ልቀቅ፣ ያዝ። ያለዚያ ቸርኬው ይግልና የተለጠፈው ከመነዳሪ ሊላቀቅ ይችላል።»

«ካርቦን የሚባለው ቀላል ብስክሌትስ? እሱ ዳገት አይቀንስም?»

«ሁለት ኪሎ ይቀንስልሃል እንበል። ከ80 ኪሎ ላይ ሁለት ኪሎ ማለት ከመቶ ሁለት ተኩል ነው። ማርሹ የእግርህን ግፊት ወደ ሲሶ አወረደው፤ አወዳድረው። የብረት ብስክሌት ቢሰነጠቅ ብየዳ ቤት ይጠግንልሃል፤ ካርቦን ቢሰነጠቅ ማን ዘንድ ትወስደዋለህ? ከኋላ ሰባት ማርሽ ላለው ብስክሌት ካቴናና ጥርስ በቀላሉ ይገኛል። ባለ 12 ከገዛህ ግን ካቴናው ሲያልቅ ከውጭ እስኪመጣልህ ብስክሌቱ ግድግዳ ተደግፎ ይከርማል። ዕቃ ስትመርጥ ጠጋኙን አብረህ ምረጥ።»

ወዳጄ ፈገግ አለ። «አሁንስ ወደ ሰዓቱ አትመጣም?»

እኔም መለኪያን የምወድ ሰው ነኝ። ሰው የወጣውን ዳገት ቢያውቅ ደስ ይለዋል፤ ደስታው ደግሞ ነገ መልሶ ያስነሣዋል። መለኪያ ግን በዋጋ ብቻ አይመረጥም፣ በሚሰጠው እውነት ነው። ከሁሉ ርካሹ ጎማው ራጂ ላይ በምትታሰር ማግኔት የሚሠራው ነው። ጎማው በዞረ ቁጥር ይቆጥራል። እውነት እንዲነግርህ የጎማህን ዙሪያ በትክክል ማስገባት አለብህ። ነፋስ ማስገቢያውን ወደ መሬት አድርግና ወለሉ ላይ ምልክት አስምር። ብስክሌቱ ላይ ተቀምጠህ፣ ሰው ደግፎህ፣ ነፋስ ማስገቢያው ተመልሶ መሬት እስኪደርስ ቀጥ ብለህ ሂድ። እዚያም አስምርና በሜትር ለካው። የምታስገባው ያንን ቁጥር ነው።

ቀጥሎ ስልክህ አለ። ጂፒኤስ የሚሠራው ከሳተላይት በሚመጣ ምልክት ስለሆነ ኔትወርክ አይፈልግም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት እንደቆየ ሁላችንም እናስታውሳለን። ያን ጊዜም ቢሆን ስልክ የሄድክበትን መንገድ መዝግቦ ማስቀመጥ ይችል ነበር፤ የማይችለው መላኩን ነው። ስለዚህ ካርታውን አስቀድሞ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት የሚመዘግብ መተግበሪያ ምረጥ። ስክሪኑን አጥፍተህ ኪስህ ውስጥ አድርገው፤ ባትሪው ይቆይልሃል።

«ስለዚህ ሰዓቱ አያስፈልግም?»

«ሰዓቱ ከስልክህ የሚበልጥበት ነገር የልብ ምትና፣ ባሮሜትር ካለው፣ ከፍታ ነው። ጂፒኤስ ርቀትን በደንብ ቢይዝም ከፍታ ላይ ይሳሳታል። ባሮሜትር የአየር ግፊትን ስለሚለካ ዳገቱን በጥሩ ሁኔታ ይከተላል። አየሩ ሲለወጥ ግን እሱም ይታለላል። በኛ ከፍታ ግፊቱ በአንድ ሄክቶፓስካል ቢወርድ 11 ሜትር የወጣህ ይመስለዋል። ከጉና ተራራ በኩል ዝናብ ሲመጣ ቆመህ ሳለ ዳገት ወጣህ ቢልህ አትገረም። ካሎሪ የሚለውንም ግምት ነው ብለህ እለፈው።

የልብ ምቱን ግን ተጠቀምበት። አንድ ዳገት ምረጥ፣ በየሳምንቱ ያንኑ ውጣ። በተመሳሳይ ፍጥነት እየወጣህ የልብ ምትህ እየቀነሰ ከመጣ ጠንክረሃል። ከማያውቁህ ሰዎች ጋር ከመፎካከር ይህ ይበልጣል። መንገድህን ለሰው ካጋራህም የቤትህን አካባቢ ደብቅ። እ.ኤ.አ. በ2017 ስትራቫ የተባለው መተግበሪያ ያወጣው የዓለም ካርታ የጦር ሰፈሮችን ሳይቀር አጋልጦ ነበር። በየጠዋቱ ከየትኛው በር እንደምትወጣ ማንም ማወቅ የለበትም።»

እንግዲህ ገንዘቡን በተራ አስቀመጥነው። መጀመሪያ በልክህ የሆነ ብስክሌት ከቀላል ማርሽ ጋር። ሁለተኛ ፍሬን። ሦስተኛ የራስ ቁርና የኋላ መብራት። አራተኛ መንፊያ፣ ትርፍ ከመነዳሪና የካቴና ዘይት። የተረፈ ካለ መለኪያው።

ወዳጄ ሲኒውን አስቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አንድ ነገር ልንገርህ። ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች። ትምህርት ቤቷ ከቁልቁለቱ በታች ነው። ጠዋት ትወርዳለች፤ ከሰዓት ደክሟት ዳገቱን በእግሯ ትወጣለች። ለሷስ ይሆናል?»

«ከሁሉ በላይ ለሷ ነው የሚሆነው!» አልኩት። «ጎረምሳ በጉልበቱ ከባዱንም ማርሽ እየታገለ ይወጣ ይሆናል። ቀላል ማርሽ ከሌለ ዳገቱ የሚዘጋባቸው ልጅቷ፣ እናትየው፣ ሽማግሌውና ታሞ ያገገመው ናቸው። ልጅህና ብስክሌቷ 60 ኪሎ ቢመዝኑ በዚያው ዳገት፣ በ28 እና በ34 ጥርስ፣ እግሯ የሚረግጠው በአማካይ 7 ኪሎ ያህል ነው። ቀሚስ ለብሳ እንድትወጣና እንድትወርድ አግዳሚው ዝቅ ያለ ይሁን፤ ካቴናው መሸፈኛ ይኑረው። ኮርቻው ላይ ተቀምጣ ስታቆመው የእግሯ ጣቶች መሬት ይድረሱ። ማርሹንም ዳገቱ ሳይከብዳት በፊት፣ ገና ስትቃረብ፣ ፔዳሉን ለስለስ አድርጋ እየረገጠች እንድትቀይር አስተምራት፤ ካቴና የሚወልቀው ጨክነው እየረገጡ ሲቀይሩት ነው።»

«እኔ ደግሞ ለራሴ ብቻ ሳስብ ነበር።»

«እንግዲያው ሱቅ ስትሄድ ይዘሃት ሂድ። ብርህን ከማውጣትህ በፊት አጠገቡ ያለውን ዳገት እሷ ትሞክረው። ከኮርቻው ሳትነሣ ከወጣችው ያ ብስክሌት ለቤትህ ሰው ሁሉ ይሆናል።»