አማካይ ውጤት መግቢያ ነጥብ አይደለም!

ከመቱ እስከ ጎሬና ያዮ ያለ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ሜዲስን ለመግባት ስንት ያስፈልጋል?» ቻናሎች የዓምና ገቢዎችን አማካይ ይለጥፉለታል። የቡና ገበሬው ልጅ ቁጥሩን አይቶ ሳይሞክር ምርጫውን ይቀይራል። ይህ ግፍ ነው።

ከአማካዩ በላይ ሆነው የገቡ ካሉ ከበታቹም የገቡ አሉ፤ ሒሳቡ ግድ ይላል። መቁረጫ ነጥብም ቢሆን ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ የገባው ተማሪ ውጤት ነው። ቦታውና ተወዳዳሪው ሲለወጥ እሱም ይለወጣል።

ደግሞስ ከስንት? በ2015 የተፈጥሮ ሳይንስ ከፍተኛው ውጤት ከ700 649 ነበር፤ በ2016 ከ600 575። ቁጥሩን ብቻ ያየ «ወረደ» ይላል። በመቶኛ ሲሰላ ግን ከ92.7 ወደ 95.8 ከፍ ብሏል።

በዚያ ላይ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ መጀመሪያ ፍሬሽማን ይማራል፤ ዲፓርትመንት ሲመደብ የዚያም ውጤት ይቆጠራል። የ12ኛ ክፍል ነጥብ ብቻውን ሐኪም አያደርግም፤ ብቻውንም አያስቀርም።

ቁጥር የሚለጥፍ ሁሉ ሦስት ነገር አብሮ ይጻፍ፦ የስንት ዓ.ም. ነው? ከስንት ነው? ዝቅተኛው ስንት ነበር? ይህን የማይጽፍ መረጃ እየሰጠ ሳይሆን ልጆችን እያስፈራራ ነው። ተማሪው ደግሞ ምርጫውን ለወሬ አይልቀቅ!