ፎቅ ብቻውን ከተማ አይሆንም!

ወጣቶች፣ አዲስ አበባ ከተማ ናት ወይስ የሰፈሮች ድምር?

መልሱ ከስሞቹ ይጀምራል፦ ራስ ካሳ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ተሰማ ሰፈር። በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ መኳንንቱ ከነሠራዊታቸው ተራርቀው ሰፈሩ፤ መሃሉ ወንዝና ባዶ መሬት ነበር። ታሪካችን ነው፣ አናፍርበትም።

ዛሬስ? ቱሉ ዲምቱን፣ የካ አባዶን እዩ። ፎቁ እዛ፣ ሥራው መሃል ከተማ። ጠዋት የታክሲ ሰልፍ፣ ማታም የታክሲ ሰልፍ! ዕድሜያችን መንገድ ላይ እያለቀ ነው። ይሄ ማደሪያ እንጂ ከተማ አይባልም።

ከተማ ማለት ሥራ፣ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና ገበያ በእግር ሲደረስባቸው ነው። ስለዚህ "ቤት ስጡን" ብቻ አትበሉ፤ ቤቱን ከነሥራው፣ ከነትራንስፖርቱ ጠይቁ። መብታችሁ ነው!