ቤቱ ሲጠበቅ እውነቱም ይጠበቅ

አሮጌ የጦር ሠፈር ይፍረስ ወይስ ይጠበቅ የሚል ክርክር በተነሣ ቁጥር ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ጣራውና ስለ ግድግዳው ነው። ዋናው ጥያቄ ግን የማን ታሪክ ይነገርበታል የሚለው ነው። ለዚህም በአሜሪካ በነብራስካ ግዛት የሚገኘው ፎርት ሮቢንሰን የተባለው የቀድሞ የፈረሰኛ ጦር ሠፈር በቂ ምስክር ነው።

ሠፈሩ የተቆረቆረው እ.ኤ.አ. በ1874 ነው። የላኮታ ሕዝብ የጦር መሪ ክሬዚ ሆርስ እጁን በሰጠ በአራት ወሩ፣ በ1877፣ በዚያው ሠፈር በሳንጃ ተወግቶ ሞተ። በ1878 ደግሞ ከተጋዙበት ከደቡብ ወደ ትውልድ አገራቸው ሲመለሱ የተያዙ 149 የሸየን ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት በአንድ የወታደር ማደሪያ ታሰሩ። ወደ ደቡብ አንመለስም ስላሉ በዚያ ብርድ ምግብና ማገዶ ተከለከሉ። ጃንዋሪ 9 ቀን 1879 ሌሊት መስኮት ሰብረው ወጡ፤ ከዚያ በኋላ በተደረገው ማሳደድ 64 ሸየኖችና 11 ወታደሮች አለቁ። ከሟቾቹ የአንዳንዶቹ አጽም ለምርምር ተብሎ ሙዚየም ገባ። ተመልሶ በሞንታና የተቀበረው በ1993 ነው። ይህን የዩኒቨርሲቲ ሰዎች በተለይ ልብ ልንለው ይገባል።

ከ1885 እስከ 1898 በሠፈሩ የቆየው 9ኛው የፈረሰኛ ሬጅመንት ወታደሮቹ ጥቁሮች ነበሩ። በገዛ አገራቸው እኩልነት የተነፈጉ ሰዎች መሬቱን የተነጠቀውን ሕዝብ እንዲጠብቁ ታዘዙ።

ጦሩ በ1948 ሲለቅ ቦታው ለከብት ምርምር ተሰጠ፤ ብዙ ቤቶችም ፈረሱ። የግዛቱ የታሪክ ማኅበር በ1956 ሙዚየም ከፍቶ ቅርሱን መጠበቅ ጀመረ። ዛሬ እስር ቤቱም ሸየኖቹ የታሰሩበት ማደሪያም እንደገና ተሠርተው ይታያሉ።

«የሚያሳፍር ነገር ቢፈርስ ምን ይጐዳል?» የሚሉ አሉ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ቤቱ ቢጠፋ የሚሸፈነው የበዳዩ እፍረት ነው እንጂ የተበዳዩ ቁስል አይሽርም። የሸየን ወጣቶች በየዓመቱ በጃንዋሪ ብርድ ከዚያ ሠፈር ተነሥተው እየተቀባበሉ 400 ማይል ያህል ወደ ሞንታና ይሮጣሉ። ለእነርሱ ቦታው መናፈሻ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ኮርቻውና ልጓሙ በመስተዋት ውስጥ ሲቀመጥ የእስረኞቹም ታሪክ በእኩል ስፍራ ይነገር፤ ምን እንደሚነገርም የልጅ ልጆቻቸው ይጠየቁ። ይህ ካልሆነ የተጠበቀው ጋጣ እንጂ ታሪክ አይደለም።