ቅጹ ከመዝገቡ ይውጣ

አስመጪና ላኪ ሁሉ እንደሚያውቀው፤ የአንዱ ጭነት ዝርዝር ለባንክ፤ ለመድንና ለጉምሩክ በየቅጹ ተደጋግሞ ይጻፋል። አንዲት አኃዝ ብትሳሳት ዕቃው ወደብ ላይ ይቆማል፤ ኪሣራውም የነጋዴው ነው።

ዛሬ ኮምፒዩተር፤ የሚፈለገው መረጃ ስምና ዐይነት በሥርዓት ከሰፈረበት ፋይል ቅጹን ራሱ ያወጣል። መለያው ባለ 6 አኃዝ ነው ከተባለ፤ 5 የጻፈውን ወዲያው ይመልሳል። ደንብ ሲለወጥም ፋይሉ ከታረመ ቅጹ አብሮ ይታረማል። ይህ ሊደገፍ የሚገባው አሠራር ነው።

ሆኖም ቅጹ ከፋይሉ አይሻልም። በ1988 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ በዋለው ዓለም አቀፍ የዕቃዎች መለያ፤ ካፌይኑ ያልወጣለት ጥሬ ቡና 0901.11፤ የተቈላው 0901.21 ነው። አንዱን በሌላው የለወጠ ሰው 6 አኃዝ ሞልቷልና ያልፋል። ስለዚህ ፋይሉ ሲዘጋጅ፤ ከኮምፒዩተር ባለሙያው ጎን ንግዱን የሚያውቅ ነጋዴ ከጅምሩ ሊቀመጥ ይገባል።